ያላዩት ፈረስ
በዋግ ኽምራ ደጋ ስለ እሽቅድምድምና ስለ ውርርድ

በእንግሊዝ አገር የበጋ ወራት የሚባለው በእኛ አገር የክረምት መግቢያ ነው። የሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ደርሶ የዋግ ገበሬ ዓይኑን ወደ ሰማይ እያነሣ ደመናው ዝናም የቋጠረ መሆኑን ወይም እንዲሁ ጥላውን ብቻ ጥሎ የሚያልፍ መሆኑን በሚመረምርበት ሰዓት፣ ከለንደን በስተ ምዕራብ በአስኮት ሜዳ ወንዶቹ ረጅም ቆብ ደፍተው፣ ሴቶቹ በላባና በአበባ ያጌጠ ባርኔጣ አድርገው፣ ንግሥት አን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1711 ዓ.ም ባቆመችው የእሽቅድምድም ሥፍራ ይሰበሰባሉ። በሐምሌ ወር ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 በስኮትላንድ በፕሬስትዊክ ከተማ በስምንት ተጫዋቾች ብቻ የተጀመረው ታላቁ የጎልፍ ውድድር 156 ተወዳዳሪዎችን ይዞ ለአራት ቀን ይካሄዳል። ነሐሴ ገብቶ የሰቆጣ ልጃገረዶች ጾመ ፍልሰታ በተፈታ ዕለት፣ በ16ኛው ቀን፣ የሻደይን ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከደብሩ ቅጽር ወደ አደባባይ ሲወጡ፣ በአሜሪካ በሳራቶጋ እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ የታወቀው የክረምታችን ወራት የፈረስ ግልቢያ ገና አላበቃም። እነዚህ ሁለት ዓለማት ለብዙ ዘመን አንዱ ስለ ሌላው ሳይሰማ ኖረዋል። ዛሬ ግን በአንድ ወጣት መዳፍ ውስጥ በምትገባ ስልክ ተገናኝተዋል፤ የተገናኙትም በፈረሱ ውበት ወይም በጨዋታው ጥበብ ሳይሆን በገንዘብ ነው።

በሰቆጣ ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልናገር። አህዮች የእህል ስልቻ ጭነው፣ ፍየሎች በገመድ እየተሳቡ በፊታችን ያልፋሉ። ከእኔ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት ግን ዓይኑ ወደ ገበያው አልነበረም። በስልኩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቶ ስምንት ፈረሶች ተሰልፈዋል፤ የእያንዳንዳቸው ቁጥር በጀርባቸው፣ ብር የሚያበዛው ኦድ ደግሞ በጎናቸው ተጽፏል። ወጣቱ ከጉልበቱ ላይ የትምህርት ቤት ደብተር ዘርግቶ የቀደሙትን እሽቅድምድሞች አሸናፊዎች በእስክርቢቶ መዝግቧል፤ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ እንደገና አራት። ሃምሳ ብር አስያዘ። ፈረሶቹም ሮጡ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላም አለቀ፤ ትኬቱም ተበላ። በመካከላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ፣ አጎንብሰው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ቀድሞ የገባው ፈረስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁት። «የማንም አይደለም፣ አባቴ። ኮምፒዩተር ነው።» «ታዲያ ማን ይጋልበዋል?» «ማንም አይጋልበውም።» ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሃምሳ ብሩንስ ማን ወሰደው?» አሉ። ልጁም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም፤ የሚቀጥለውን እሽቅድምድም መጀመሪያ የሚያመለክተው ሰዓት መቁጠር ጀምሮ ነበርና ፊቱን ወደዚያ መለሰ።

እኒያ ሽማግሌ ያቀረቡት ጥያቄ ከልማድ የመጣ እንጂ ከአለማወቅ የመጣ አይደለም። በአገራችን ፈረስ ያለ ጌታ አይታወቅም፤ ጌታውም ያለ ፈረሱ አይጠራም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ሲጠሩ፣ የሰውየው ክብርና የእንስሳው ክብር በአንድ ስም ውስጥ ተዋሕደው ነበር። ፈረስ የሚመርጥ ሰው ቦራውን ከዳማው፣ ጉራቻውን ከአምባላዩ በመልክ ብቻ አይለይም፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፣ ሰኮናውን አንሥቶ ያያል፣ ዳገት ካስወጣው በኋላ ትንፋሹ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። የዋግ ምድር፣ ወደ ተከዜ እየወረደ የሚሰነጣጠቅ ገደላማ አገር በመሆኑ፣ ከፈረስ ይልቅ ለበቅሎ እግር የሚመች ነው፤ ቢሆንም ዋግሹሞች፣ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንቈጠራለን የሚሉትና በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን አፅማቸው የሚያርፈው እነዚያ ባለመዓርግ መሳፍንት፣ ያለ ፈረሰኛ አይንቀሳቀሱም ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ለጥቂት ዓመታት ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ሌላው፣ ዋግሹም ጓንጉል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በአድዋ ጦርነት ላይ የአገሩን ጦር አሰልፎ ተገኝቷል።

የአድዋን ፈረስ እስከ ዛሬ በክብር የሚያስታውሱት ግን በምዕራብ በኩል ያሉት የዋግ አገዎች ዘመዶች፣ የአዊ አገዎች ናቸው። በ1932 ዓ.ም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን አቋቁመው፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል፣ በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ክር በተጌጠ ግላስ ተሸፍነው፣ ልጓማቸው እያንጸባረቀ፣ አሸብርቀው ይገባሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ፤ ሽምጥ ይጋለባል፤ የተሸነፈው ከኮርቻው ወርዶ ያሸነፈውን ፈረስ አንገት ሲደባብስ ይታያል። በሰሜኑ ደጋ ሁሉ ዘመነ አስተርእዮ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ወራት ነው፤ መከሩ ተሰብስቧል፣ ሜዳው ደርቋል፣ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ፈረሰኛው በፊት በፊት ይጋልባል። በክረምት ፈረስ የሚያስጋልብ ሰው በእኛ አገር የለም፤ ጭቃው እግር ይሰብራልና፣ ፈረሱም በጨፌው ላይ ሣር ሲግጥ ይከርማል።

ታዲያ አባቶቻችን አይወራረዱም ነበር ማለት ነውን? ይወራረዱ ነበር፤ እንዲያውም ውርርድ በዳኝነት አደባባይ ውስጥ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በዳኛው ፊት በእግራቸው ቆመው፣ በትራቸውን እየወዘወዙ በላ ልበልህ ሲባባሉ፣ አንዱ የተናገረውን ሌላው የካደ እንደ ሆነ፣ ነገሩን በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ወይም በጠገራ ብር ያስይዙት ነበር። የተረታው ያስያዘውን ይከፍላል፤ የሚከፈለው ግን ለባለጋራው ኪስ ሳይሆን ለዳኛው ወይም ለገዢው ነበር። በዚህ ውርርድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። ሰውየው የሚወራረደው በሚያውቀው ነገር፣ በዓይኑ ባየውና በምስክር በሚያስረዳው ጉዳይ ነው። ውርርዱ የሚፈጸመው በሕዝብ ፊት፣ ጎረቤትና ዘመድ እየሰማ ነው። የተሸነፈውም ስንት እንደሚከፍልና ለማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ሥርዓት ንጹሕ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በቅሎ ያለው ሰው በበቅሎ ሲወራረድ፣ ከአንድ ጥማድ በሬ በቀር የሌለው ድኻ እውነቱን ይዞ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበረ፤ ዳኛውም ከውርርዱ ተጠቃሚ መሆኑ ፍርዱን አያጣምምም ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም። ስለዚህም በ1950ዎቹ አዳዲሶቹ የሕግ መጻሕፍት ሲወጡ ያ ልማድ ከችሎቱ መወገዱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በሐሰት የሚናገር ሰው ማሩንና በቅሎውን እንዲያጣ በማድረጉ ምላስን የሚገታ ልጓም እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዕጣ ያላት አስተያየት ብዙዎች ከሚገምቱት ይልቅ ጥልቅ ነው። በግብረ ሐዋርያት እንደምናነበው ማትያስ በአስቆሮቱ ይሁዳ ፈንታ የተመረጠው በዕጣ ነው፤ ሐዋርያት አስቀድመው ጸልየው ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትተዋልና በዚያ ዕጣ ውስጥ ትርፍ የሚፈልግ ልብ አልነበረም። ከመስቀሉ እግር ሥር ደግሞ ወታደሮች በጌታችን እጀ ጠባብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ እነርሱ ግን በሌላው መከራ ላይ ትርፍ ለማግኘት ነበር የተጣጣሉት። በሐዋርያት ስም የተጻፈው ቀኖናም ለቁማርና ለስካር ራሱን የሰጠ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ይህን እንዲተው፣ ባይተው ከመዓርጉ እንዲሻር ያዝዛል። ሁለቱን ዕጣዎች የሚለያቸው የጠጠሩ ወይም የክሩ ዓይነት ሳይሆን የጣዩ ኅሊና መሆኑን ሊቃውንቱ በሚገባ ያስረዳሉ።

አሁን ወደ ዘመናዊው ውርርድ አሠራር እንመለስ፤ አሠራሩን ሳያውቅ በገንዘቡ የሚጫወት ሰው እጅግ ብዙ ነውና። በፈረንጆች አገር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ዦዜፍ ኦሌር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ ያስጀመረው ነው፤ በዚህ ሥርዓት የተወራራጆች ገንዘብ ሁሉ በአንድ ላይ ይከማቻል፣ አሰናጁ አስቀድሞ ድርሻውን ይቀንሳል፣ የቀረውን ደግሞ በአሸናፊው ፈረስ ላይ ያስያዙት ይካፈሉታል። ሒሳቡን በቅጽበት የሚሠራው ትልቅ መኪናም ጆርጅ ጁሊየስ በሚባል መሐንዲስ ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1913 በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ከተማ ሥራ ጀመረ። በሁለተኛው መንገድ ግን አወራራጁ ራሱ ለያንዳንዱ ፈረስ ዋጋ ይቈርጣል፤ ተወራራጁም ከሌሎች ተወራራጆች ጋር ሳይሆን ከአወራራጁ ጋር ይጋጠማል። በአገራችን በውርርድ ቤትና በስልክ የሚታየው ይህ ሁለተኛው ነው።

በሻይ ቤቱ ውስጥ ያየሁትን ስምንት ፈረሶች ልውሰድና ሒሳቡን ላሳይ። ስምንቱ ፈረሶች እኩል ዕድል አላቸው እንበል፤ ለእያንዳንዳቸውም የተቈረጠው ኦድ 7 ይሁን፤ ይኸውም ያሸነፈ ሰው ያስያዘውን ሰባት እጥፍ ያገኛል ማለት ነው። አንድ ሰው በስምንቱም ላይ አሥር አሥር ብር ቢያስይዝ 80 ብር ይከፍላል፤ ከስምንቱ አንዱ የግድ ያሸንፋልና 70 ብር ይመለስለታል። ማንም ይቅደም ማን፣ አሥሩ ብር በአወራራጁ እጅ ይቀራል። ስምንት የተለያዩ ሰዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ፈረስ ላይ ቢወራረዱም ውጤቱ ያው ነው፤ አንዱ ደስ ይለዋል፣ ሰባቱ ያዝናሉ፣ አሥር ብር ትሄዳለች። ጨዋታው በየጥቂት ደቂቃው ሲደጋገም ያቺ አሥር ብር ስንት ጊዜ እንደምትሄድ አንባቢ ራሱ ያስላ።

በኮምፒዩተር ፈረስ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። አሸናፊውን የሚወስነው በዕድል የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ያለፈው እሽቅድምድም በሚመጣው ላይ አንዳች ሥልጣን የለውም። ወጣቱ በደብተሩ ላይ አራትና ሰባት እያለ የመዘገበው ሁሉ፣ በትጋቱ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ምንም የሚነግረው ምሥጢር የለም። በእውነተኛው ፈረስ ላይ የሚወራረድ እንግሊዛዊ ቢያንስ የፈረሱን የዘር ሐረግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ በሚታተመው መዝገብ ውስጥ፣ እስከ ቅድመ አያቶቹ ድረስ ሊመረምር ይችላል፤ ጋላቢውን ያውቃል፤ ዝናም ሜዳውን ማለስለሱን ያያል። እርሱም ቢሆን በዚህ ሁሉ እውቀት ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። እነሆ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ታላቅ እሽቅድምድም ላይ ሪች ስትራይክ የተባለው ፈረስ በኦድ መዝገቡ ከሁሉም በታች ሆኖ ሳለ ቀድሞ ገባ።

ጎልፍን በሚመለከት፣ ይህ ጨዋታ በአገራችን የታወቀ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሜዳ ከመኖሩ በቀር ሕዝቡ አያውቀውም። ይሁን እንጂ ቆልማማ ዱላ ይዞ እሩር መምታት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገና ዕለት የየመንደሩ ጎበዝ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሜዳውን ሲያተራምስ፣ ጌታና ሎሌ አንድ ሆነው ሲጋፉና ሲመታቱ፣ ማንም ቂም አይዝም፤ ገንዘብም የሚያስይዝ የለም። ጎልፍ ለአወራራጅ የሚመቸው ተጫዋቹ ብዙ ስለ ሆነ ነው። ከ156 ሰዎች መካከል አንዱን መምረጥ ከስምንት ፈረሶች አንዱን ከመምረጥ እጅግ ይከብዳል፤ ስለዚህ ኦዱ ትልቅ ሆኖ ይጻፋል፣ ትልቁ ቁጥርም ዓይን ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ያ የሐምሌው ታላቅ ውድድር በሮያል ሴንት ጆርጅስ ሜዳ ሲካሄድ ያሸነፈው ቤን ከርቲስ በዓለም ደረጃ 396ኛ ሰው ነበር። አወራራጆች እንዲህ ያለውን ታሪክ መናገር ይወዳሉ፤ በሌሎቹ 155 ተጫዋቾች ላይ ገንዘቡን ያስያዘው ሕዝብ ታሪክ ግን አይነገርም።

በእኛ ወጣቶች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት መቁረጥ ነው። አንድ ተወራራጅ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከመቶው ብር በአማካይ 92 ብር ተኩል ቢመለስለት፣ ኪሳራው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አምስት ጨዋታ በአንድ ትኬት ሲያያዝ ከመቶው በአማካይ የሚመለሰው ወደ 68 ብር ይወርዳል፤ አሥር ሲያያዝ ወደ 46 ብር። ትኬቱ ላይ የሚታተመው ግን ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ እንጂ ይህ ሒሳብ አይደለም። በዕድል ጨዋታ ገንዘብ መሰብሰብ ለመንግሥታችን አዲስ ነገር አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም ነው፤ ቶምቦላና የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የማያውቅ የለም። ይሁንና የእንቁጣጣሽ ዕጣ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ገዢው ትኬቱን በመሶብ ሥር ወይም በዳዊቱ ገጾች መካከል አስቀምጦ ይረሳዋል። በ2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ ብዙ ውርርድ ቤቶች ሲዘጉ ነገሩ የቆመ የመሰላቸው ነበሩ፤ ውርርዱ ግን በሩ በማይታሸግበት በስልክ ውስጥ ቀጠለ።

ይህን ሁሉ በሰቆጣ ተቀምጦ ማሰብ ልብን የሚያከብድበት ምክንያት አለ። ይህች ጥንታዊት ከተማ፣ የአሞሌ ጨው ነጋዴዎች ከአፋር በረሃ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ሲያልፉ ያርፉባት የነበረች፣ ድርቅ በተደጋጋሚ የጎበኛትና በቅርቡም ጦርነት የረገጣት ናት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት ምክንያት የሚደርስባቸውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ያንን ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ሰየመው። ስሟ በእንዲህ ያለ ከባድ ኪዳን ላይ በተጻፈ አገር፣ ለሕፃን ወተትና እንቁላል ሊሆን የሚችል ሃምሳ ብር ጌታ በሌለው ፈረስ እግር ሥር ሲወድቅ አይቶ ዝም ማለት አይገባም። ወጣቱን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። ከትምህርቱ በኋላ ሥራ ያጣ፣ ዝናም የከዳው እርሻ ያለው ልጅ፣ የነገን ተስፋ በአንድ ትኬት ሊገዛ ቢሞክር፣ ተስፋ መፈለጉ አይደለም ጥፋቱ፤ ተስፋውን የሚሸጥለት ሰው ሒሳቡን ስለ ደበቀበት ነው የሚጎዳው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የሎተሪውንና የውርርዱን ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት፣ በእያንዳንዱ ትኬትና በእያንዳንዱ የስልክ ገጽ ላይ፣ ከመቶው ብር በአማካይ ስንቱ ለተወራራጁ እንደሚመለስ በአማርኛና በአገሩ ቋንቋ በጉልህ እንዲጻፍ ይዘዝ፤ በኮምፒዩተር የሚሮጥ ፈረስና ውሻም ከናካቴው ይከልከል፤ በእርሱ የሚገለጥ ችሎታ፣ የሚከበር ጋላቢ፣ የሚጠቀም ፈረስ አርቢ የለምና። የዋግ ሽማግሌዎችና የወረዳ አስተዳዳሪዎችም የአዊ ወንድሞቻቸውን አብነት ተከትለው፣ በመጪው ጥምቀት በሰቆጣ፣ በአምደ ወርቅና በአስከተማ ሜዳዎች ላይ የፈረስና የበቅሎ ግልቢያ ያሰናዱ፤ ለአሸናፊውም ኮርቻና ልጓም ይሸልሙ። ያ በደብተሩ ላይ ቁጥር የሚመዘግበው ወጣት የእውነተኛ ፈረሶችን ስም፣ የጋላቢዎቻቸውንና የመንደራቸውን ስም እንዲመዘግብ ይጋበዝ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማንም መንደር የማይበዛ ነው፤ ለመሰናዳትም እስከ ጥር ድረስ በቂ ጊዜ አለ።